የእናቴ ሞት ያልተለጠፈበት ምሰሶ

ይድረስ ለተከበሩ የዕድራችን ሊቀመንበር ለአቶ ኃይሉ ኤጀታ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ኔትዎርክዎስ? እኔ ባለፈው ወር ወላጅ እናቴን ወይዘሮ ሎሚ በዳዳን ከቀበርኩ ወዲህ አርፎ መቀመጥ አቅቶኝ ከቤት ደጅ፣ ከደጅ ቤት ከመንቆራጠጤ በቀር ደህና ነኝ።

አስቀድሜ ስለ ዘመናዊነትዎ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ከየካ ሚካኤል በላይ ያለው ሰፈራችን ሰው ሲሞት ጥሩምባ የሚነፋበት፣ መንገድ ዳር ባለው የመብራት ምሰሶ ላይም በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ኋላ ቀር ሰፈር ነበር፤ እርስዎ ግን በተመረጡ ማግስት ሁለቱንም አስቀርተው የቀብር ጥሪ ሁሉ በሞባይል መልእክት እንዲሆን በማድረግዎ ከጩኸትም ከወረቀት ቆሻሻም ገላገሉን። ሆኖም ጥቂት ጥቃቅን ነገሮችን በትሕትና ላቅርብ።

፩ኛ፦ እናቴ ያረፈችው ሊነጋጋ ሲል፣ የተቀበረችውም በዚያው ዕለት በዘጠኝ ሰዓት ነበር። መልእክትዎ ግን ለአንዳንዱ አባል ማታ፣ ለአንዳንዱም በማግስቱ ደረሰው። ድንኳን የሚተክል ሰው ጠፍቶ እኔና የአክስቴ ልጅ ኢዶሳ ካስማ ስንመታ አረፈድን። ለቀስተኛ ሲበዛ የሚመጣውን ግፊያ ስላስቀሩልን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

፪ኛ፦ ከሰፈሩ ግርጌ፣ የእኛ ቤት ለቅሶ ከማይሰማበት የሚኖሩትን ወይዘሮ ጫልቱን ያውቋቸዋል፤ በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ከእናቴ ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ፊደል የቆጠሩ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ምሰሶው ሥር ቆመው፣ በጣታቸው እየተከተሉ፣ ማን እንደ ሞተ ሳያነቡ አያልፉም ነበር። ልጃቸው የገዛችላቸው ስልክ ከማንሳትና ከመዝጋት በቀር አያውቁበትም፤ በእንግሊዝ ፊደል የተጻፈውን አማርኛዎንም መሠረተ ትምህርት አላስተማራቸውም። የዚያን ዕለት ማለዳ ኮተቤ ልጃቸው ሳምራ ዘንድ ሲሄዱ ምሰሶውን ቢያዩት ባዶ ነው፤ ሰፈሩ ሰላም ነው ብለው አለፉ። ከቀናት በኋላ ሲመለሱ ታማ ትተዋት ለሄዱት እናቴ አጥሚት ይዘው በቀጥታ እኛ ቤት ገቡና ሎሚ ዛሬስ እህል ቀመሰች ወይ ብለው ጠየቁኝ። አፈር ሳላለብሳት ቀረሁ እያሉ እስከ ዛሬ ያለቅሳሉ። እውነቱን ልናገርና፣ ከእናቴ ሞት ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ሦስተኛውን ለማሳሰቢያ አቆይቼ ወደ ልመናዬ ልለፍ። ስልኩ ይቅር አላልኩም፤ ወሰን ሰፈርና ኮተቤ ሥራ ለሚውለው ሠራተኛ ይጠቅመዋል። ነገር ግን ሌላ አሮጊት ወዳጇን ሳትሸኝ ከመቅረቷ በፊት አንዲት ወረቀትና አንድ ማርከር እንዲፈቀድልን እለምናለሁ።

ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ ባትሪዎም እንዳይጎድል እየተመኘሁ፣ ለሥልጣኔዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳው፣

የዕድርዎ አባል ዋቅቶላ ጎበና
መጋቢት ፳፻፬ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ በአዲሱ ደንብዎ መሠረት ከመቃብሩ ቦታ ሆኜ «ተገኝቻለሁ» የሚል መልእክት ስላልላክሁ፣ ከወይዘሮ ሎሚ በዳዳ ቀብር ቀርተሃልና ምክንያትህን በጽሑፍ አቅርብ የሚል ማስጠንቀቂያ ትናንት በስልኬ ደርሶኛል። ምክንያቴ ይህ ነው፦ በሁለት እጄ የእናቴን ሳጥን ይዤ ነበር።