ነገ ለእንግሊዝኛው ፈተና ስትሄጂ

ውባንቺ፣

ሥራ ቦታ ደጋግሜ ደወልኩልሽ፤ ኔትወርክ እምቢ አለኝ። ወንድሜ አረጋ ከአገር ቤት፣ ከኮን ደውሎ «እማ መናገር አቅቷታል፤ ቶሎ ድረሺ» አለኝ። የጋሸና ሚኒባስ ሊወጣ ስለሆነ ቆሜ ነው የምጽፍልሽ።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቂው። ዛሬም ውኃ ስላልመጣ ጀሪካኑን ቆጥቢ።

የነገውን ፈተና ሌላ ቀን እንዲያደርጉልኝ ፈታኞቹን ለመንኳቸው። አይቻልም አሉ። ይኸን ሁሉ ወር አብረን አጥንተን...
ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ምንባቡ ላይ የማታውቂው ቃል ሲገጥምሽ እዚያው ተተክለሽ አትቅሪ። ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ ያኔም ካልገባሽ እለፊው። የቃላት መጽሐፉን አልጋሽ ላይ ትቼልሻለሁ።

ትናንት በሰው ፊት «አንቺማ ሰበብ አታጪም» ያልሽኝን...
ይቅር፣ ስመለስ። እኔም ተናድጄ መጽሐፉን ከእጅሽ መንጠቅ አልነበረብኝም።

ስደርስ ለእማ ምን እንደምላት እያሰብኩ ነው። እሷ ካልመለሰችልኝ ምን ይባላል? በአማርኛም ጠፋብኝ።

ሾፌሩ ከደጅ እየጠራኝ ነው። ቁርስ ሳትበዪ እንዳትገቢ።

ነገ ስሜን ሲጠሩ ዝም እንዳትዪ። «የትናየት የለችም» በያቸው።

የትናየት