እማዬ የነገረችህ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ካሴቱን ቴፑ በላው ያልኩህ ውሸቴን ነው። ይኸው፣ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። ሰምተኸው ብትረግመኝም አልፈርድብህም።

እማዬ ከአልጋ መነሳት ሲያቅታት «ለልጄ የምነግረው አለኝ። በስልክማ እያለቀሰ አያስጨርሰኝም፣ ቅጂልኝ» አለች። የቴፑ ፓወር ሰፕላይ፣ ኃይል የሚሰጠው ክፍል፣ ተቃጥሎ ነበር። ሥራዬ ራዲዮ መጠገን አይደል፣ ሌላ ልሠራለት ተቀመጥኩ። የመብራቱ ኃይል ወደ ዲሲ፣ ቴፑ ወደሚሠራበት ቀጥተኛ ኃይል፣ ሲቀየር መንቀጥቀጡ አብሮት ይመጣል፤ በደንብ ካላረጋጉት ድምፅ ላይ ገብቶ ያጉረመርማል። ማረጋጊያው ብዙ ዓይነት ነው። እኔ አንድ ትልቅ ካፓሲተር ይበቃዋል አልኩ።

አጠገቤ የሚሠሩት ሽማግሌ፣ የትራንስፎርመር ሽቦ ስለሚጠመጥሙ ጠምጣሚው የምንላቸው፣ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ብቻውን አይችለውም። እስከ ነገ ታገሺኝ፣ የሽቦ ጥቅል ልሥራልሽና ጨምሪበት።»

«አባባ ደግሞ! ራዲዮ ጣቢያ ልከፍት መሰለዎት እንዴ?»

«እሺ፣ እንግዲያው ቴፑን አስነስተሽ መንቀጥቀጡን ለኪው።»

ቸኩዬ ነው እንዳልልህ እማዬ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ኖራለች። እልህ ነው የያዘኝ። ቴፑን ሳልሰካበት ባዶውን ለካሁት፤ የመለኪያው ቁጥር ንቅንቅ አላለም። «ይኸው!» አልኳቸው። ኃይል የሚስብበት ነገር ከሌለ ካፓሲተር ሁልጊዜ እንደዚያ ጸጥ ይላል። ይህን ጀማሪ እንኳ ያውቃል።

እማዬ ከክፍሉ አስወጣችኝ። «የሱና የኔ ነው። ኋላም እንዳትሰሚው!» ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ ስትጠራኝ ፊቷ በርቶ ነበር።

«ነገርኩት። እፎይ» አለች።

ቃሏን አከበርኩ። ከቀብሯ ማግስት ግን፣ ልልክልህ ስል፣ መቀዳቱን ብቻ ላረጋግጥ ብዬ ከፈትኩት።

ከዳር እስከ ዳር ጉርምርምታ ነው። ከሥሩ ድምጿ አለ፣ ቃሉ ግን አይያዝም። ሁለቴ «ልጄ» ትላለች፤ አንዴ ትስቃለች። በቃ። ጠምጣሚውም ቀኑን ሙሉ አብረውኝ ደከሙ፤ አንዴ የተቀዳውን ማውጣት አልቻልንም። አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅሉን ሠርተውልኝ ገጥሜዋለሁ። ቴፑ አሁን ድምፅ በጥራት ይቀዳል። ምን ያደርግልኛል፣ ወንድሜ? የማንን ልቅዳ?

እማዬ የነገረችህ መስሏት ነው የሄደችው። እስቲ አንተ ሞክረው፤ አነጋገሯን ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። አንድ ነገር ከያዝክ ለኔ አትንገረኝ፣ የናንተ ነው። መስማትህን ብቻ ጻፍልኝ።

እንቅልፍ ያጣችው እህትህ