በሴቶቹ በኩል የሚሰማው ጊታር

ቀየት፣ መጋቢት አጋማሽ

ወንድሜ ሆይ፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ጉልበትህ ጋብ ብሎልህ እንዲያገኝህ እመኛለሁ። ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? በጎቹስ? ራቤል ላይ በልግ ጣለ ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆኑት ተማሪዎቼ ናቸው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሰው የሞገድን ርዝመት ከሞገድ ከፍታ የማይለዩ ልጆች አሉኝ። ይህን ስል እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ።

ወረቀት የያዝኩት ስልክ አጥቼ አይደለም። ስደውልልህ ሁለት ጊዜ «እህ» ትልና «በል ሰላም ዋል» ብለህ ትዘጋዋለህ። ወረቀት ግን መሐል ላይ አይዘጋም። እስከ መጨረሻው አንብበው።

ነገሩ የእየሩስ ሠርግ ነው። ከፋሲካ በኋላ ራቤል፣ አንተ ደጅ ላይ እንደሚሆን የነገረችኝ ቀን «ምን ላድርግልሽ?» አልኳት። ልጅህ ሆና ዓይን አፋርነትን ከየት እንዳመጣች እንጃ፣ መሬት መሬት እያየች «የሁለታችሁን ጊታር ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር» አለችኝ። አንተን ማን እንደሚጫወት ስትጠይቅህ «ጋሼሽ አለ አይደል?» ብለሃታል። በቃ፣ እሷም ሌላ አልጠየቀችህም። ስለዚህ አንዱን ጊታር እንደ ሁለት አስፍቼ ላሰማት ቆርጬ ተነሣሁ።

አሠራሩን አንተም ታውቀዋለህ። የጊታሩ ድምፅ ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ እንዳለ ወደ ግራው ማጉያ ይሄዳል፤ ሌላው ድምፅ በሚያዘገየው ፔዳል፣ በዲሌዩ፣ አልፎ በቀኙ ይወጣል። ሁለቱን ማጉያዎች አራርቀህ ካቆምካቸው፣ መሐል ላለ ሰው ጊታሩ ከአንድ ሳጥን ሳይሆን ከዳሱ ወርድ በሙሉ የሚመጣ ይመስለዋል።

በጥር የእህቴ ልጅ አስቻለው ሲያገባ ሞከርኩት። ጠዋት እድምተኛው ሳይገባ ረጅም ገመድ ስቤ፣ ዳሱ መሐል ቆሜ፣ እየተጫወትኩ አስተካከልኩት። እውነቴን ነው፣ ያን ጠዋት ድምፁ ከሸራው ሁለት ጫፍ ተነሥቶ ሲገጥም ራሴን አስገረመኝ። ጥሬ ሥጋ የሚያንጠለጥሉት ሰዎች እንኳ ሥራቸውን አቁመው አዩኝ።

ከዚያ ሰዉ ገባ። እንዴት እንደገባ አንተ ታውቃለህ፤ እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ወንዱ በአንድ በኩል፣ ሴቱ በሌላው በኩል። መሐሉ ሽማግሌዎች ለምርቃት እንዲቆሙበት፣ ጨፋሪም እንዲወርድበት ክፍት ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ የመንዝ ሰው፣ ፊዚክስ አስተማሪ፣ ድምፁን በሙሉ ያስተካከልኩት ማንም ለማይቀመጥበት ቦታ ነበር።

ወንዶቹ ከግራው ማጉያ ጋር አጨበጨቡ። ሴቶቹ ከቀኙ ጋር፤ በቀኙ የሚወጣው ደግሞ የዘገየው ብቻ ነው። ወንዶቹ ጧ፣ ሴቶቹ ከኋላ ጧ። ጭብጨባውን የሚመሩት ወይዘሮ መስታወት ብድግ ብለው «እናንተ ሰዎች ለወጡ መቅደማችሁ ሳያንስ ለጭብጨባውም ትቀድሙናላችሁ?» ብለው ጮኹ። ጋሽ ፍሬው ደግሞ ከወዲያ ማዶ «እኛ ዛሬ ላይ ነን እመቤቴ፤ እናንተ ገና ትናንት ናችሁ!» አሏቸው። መሐል የወረደው ጨፋሪ፣ ማዕረግ፣ አንዱን ትከሻውን ለወንዶቹ፣ አንዱን ለሴቶቹ ሊሰጥ ሲታገል ቆይቶ ላብ በላብ ሆኖ ቆመና «ጎበዝ፣ ወይ አስታርቁኝ ወይ ልቀመጥ!» አለ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። ቀኙን ማጉያ ነቀልኩት፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሴቶቹ «ምነው እኛን ብቻ አስጾምከን?» አሉኝ። እነሱም እውነታቸውን ነው።

ሁዳዴ ሲገባ ልኬቱን እንደገና ጀመርኩ። ጾም መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ለጭፈራ ሳይሆን ለሥራ ነው ብዬ የትምህርት ቤቱን አዳራሽ በር ዘግቼ ነው። ቆርቆሮው ስለሚያስተጋባ ከእህቴ ቤት የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ባና፣ አምጥቼ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ። ዘበኛው ይታየው ባናውን ተሸክሜ ሲያየኝ «ጋሼ፣ ቤት ለቀቁ እንዴ?» ብሎ አዘነልኝ።

መፍትሔውን አገኘሁት። ዜማው ሙሉውን በሁለቱም በኩል እኩል ይወጣል። የቀኙ መዘግየት ጆሮ እንደ መዘግየት የማይቆጥረው ቅንጣት ብቻ ነው። ቃናውን ትንሽ አቀጠንኩት፤ ቅኝቱንም ለአመል ያህል አዛነፍኩት፤ ሁለት ጊታር ፍጹም አንድ ዓይነት ተቃኝቶ አያውቅምና። አሁን ወንዱም ሴቱም በየተቀመጠበት ሙሉውን ይሰማል፤ ጭብጨባ አይከፈልም፤ መሐል የሚጨፍረውም ስፋቱን ያገኛል። እንከን አላገኘሁበትም። አንተም ፈልገህ አታገኝበትም።

ባለፈው ሳምንት እየሩስን ከጤና ጣቢያው ስትወጣ ወደ አዳራሹ ይዣት ሄድኩ። በቀኝ በኩል፣ ሴቶቹ በሚሆኑበት፣ ወንበር ሰጠኋትና ያንን ከዩኒቨርሲቲ ጀምረን ስም ሳናወጣለት የቀረነውን ዜማ ተጫወትኩላት። ስጨርስ «ጋሼ፣ በጣም ያምራል» አለችኝ። እንደዚያ ብላ መሬት መሬት ስታይ «ግን» እንደሚመጣ ገባኝ። «ግን ምን?» ብዬ ተቆጣሁ።

«ቀኙ በጣም ይታዘዝሃል» አለች። «አባቴ እኮ ታዞህ አያውቅም። አንተ ስትወጣ እሱ ይወርዳል፤ አንተ ስትቸኩል እሱ ቆሞ ይጠብቅሃል። ያን ጊዜ እናቴ 'በሉ እንግዲህ፣ ተጣሉ!' ትልና ታጨበጭብ ነበር። የሚያምረው እሱ ጋ ነበር።»

ልጅቷ ነርስ ናት፤ ስለ ድምፅ አንድም ነገር አልተማረችም። ግን ልክ ናት። አንድን ነገር የፈለግከውን ያህል ብታዘገየው፣ ብታዛንፈው፣ ግራና ቀኝ ብትበትነው ያው አንድ ሰው ነው። ስፋት የሚባለው ሌላ ሰው ሌላ ነገር ሲያስብ ነው።

ባናውን አብራኝ እያጠፈች አንተን እንዳልለምንላት አደራ አለችኝ። «እስካሁን እምቢ አላለኝም፤ ስላልጠየቅኩት። ከጠየቅኩትና እምቢ ካለኝ ግን ሠርጌን ሙሉ ያንን ፊቱን እያየሁ ነው የምውለው» አለች። ይህን ያለችው እየሳቀች ነው። ሳቋ የእናቷ የጥሩሸዋ ነው፤ አንተ ባትሰማው ይሻልሃል ወይም ብትሰማው ይሻልሃል፣ እኔ አላውቅም።

ተቆጥቻለሁ፣ ወንድሜ። ጊታርህን ጎተራው ምሰሶ ላይ እንደሰቀልከው አውቃለሁ። ጥቁርህን ካወለቅህ ዓመት አልፎሃል፤ ጣቶችህ ግን እስከ ዛሬ ለቅሶ ላይ ናቸው። እሷ ሙዚቃ ጠልታ የሞተች አስመሰልካት። ሠርጋችሁ ዕለት ልብሷን ሰብስባ መሐላችን ቁጭ ያለችው፣ «ሚዜው ይበልጣል፣ ሙሽራው ይበልጣል» እያለች ስታፎካክረን ያመሸችው፣ ሌላ ሴት ነበረች? ሐዘንህን አልነካብህም። ግን አንተ ብቻ የጎደለብህ አድርገህ አትቁጠረው። እኔ ሁለት ሰው ነው የጎደለብኝ፤ አንዷን እግዜር ወሰዳት።

እየሩስ አትለምንልኝ ስላለችኝ አልለምንህም። የማደርገውን ግን ልንገርህ፤ ዳሱ አንተ ደጅ ስለሆነ ማወቅ ይገባሃል።

ዲሌዩን ቀየት ትቼው እመጣለሁ። ሁለቱ ማጉያዎች ግን ይመጣሉ፤ ቦታ አስለቅቅልኝ፤ ጀነሬተሩንም ከዳሱ አርቀው፣ ባለፈው ዓመት ሠርግ እንደተጫወትኩላቸው ሰዎች ከጀርባዬ እንዳታስጮህብኝ። ከወረቀቱ ጋር የጠቀለልኩት የጊታር ክር ነው። ስጦታ አይደለም፤ የዛገ ክር ስለምጠላ ነው።

በወንዶቹ በኩል ያለው ማጉያ የእኔ ነው። በሴቶቹ በኩል ያለውም ይበራል፤ ገመዱ ይሰካል፤ የገመዱ ሌላ ጫፍ ባዶ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ያ በኩል የሙሽራዋ እናት የምትቀመጥበት ነበር። እዚያ ቅጂ አላሰማም።

ጾሙን በጤና ፈጽመህ ለትንሣኤው ያብቃህ። ደጅህ በልጅህ ደስታ ይሙላ፤ ገብስህን ከውርጭ፣ በጎችህን ከቀበሮ ይሰውርልህ። እጆችህን ይባርክልህ፤ ሁለቱንም።

ሚዜህ