አልፈታ ያለው የማጨጃ ብሎን

ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? የሄድሽበት ይቅናሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን፤ ሣሩ ግን እስከ ጉልበቴ ደርሷል።

የኤሌክትሪክ ማጨጃው ስለት ድንጋይ መትቶ ተጣመመ። አባትሽ አዲስ ገዝቶ መጣ፤ ማሽኑን ገልብጦ የድሮውን ስለት የያዘውን ብሎን ቢታገለው፣ ዘይት ቢያጠጣው ወይ ፍንክች! ሶኬቱን ሳይነቅል እጁን ሲከት ደርሼ ነፍሴ ልትወጣ ነበር፤ ገመዱን ደብቄበታለሁ።

ትናንት ጎረቤታችን መካኒኩ ረጅም መፍቻ ይዞ መጣ። ገና ሲጠጋ አባትሽ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ተወው! ከመሄዷ በፊት ያጠበቀችው ልጄ ናት፤ መጥታ ራሷ ትፍታው።» መካኒኩ መፍቻውን ይዞ ተመለሰ። እኔም ግራ ገባኝ፤ ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ ሲታገል የከረመው ማን ነው? አዲሱን ስለትስ በጨርቅ ጠቅልሎ ያንቺ አልጋ ላይ ማስቀመጥ ምን የሚሉት ነው?

ዛሬ አባትሽ ወጣ ሲል መካኒኩ በአጥር ብቅ ብሎ «እትዬ፣ ሳያይ ልፍታው?» አለኝ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እኔም «ተወው» አልኩት።

በይ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ እጅሽ ይባረክ። ስትመጪ ግን አደራ፣ በሣሩ መሃል ስትገቢ እያየሽ እርገጪ።

እናትሽ