የልጅቷ ጠርሙስ

ይድረስ ለልጄ፤ ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ። እኔ ደህና ነኝ።

የወንድምሽን ቤት መሠረት ጀምረናል። እንደጻፍሽልኝ ከአሸዋው ጥቂት ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ፣ ንጽሕናውን ለማየት በውሃ በጥብጬ አስቀመጥኩት። ያመጣው ሾፌር፣ «አባባ፣ አሸዋ ነው የሚገዙት ወይስ መድኃኒት?» ብሎ ሳቀብኝ። ሲረጋ ግን ከአሸዋው በላይ ሁለት ጣት ጭቃ ተኝቷል። በመዳፌ አሽቼ «ንጹሕ ነው» ያልኩት እኮ ነው! አሸዋውን መለስኩት።

የመኝታ ቤታችን ግድግዳ ሲሰነጠቅ እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አሸዋህ አፈር አለው» ብትለኝ መሬቱን ወቀስኩ። ለካ ጥፋቱ የእኔ ነበር።

አሁን ግንበኞቹ ሁሉ «የልጅቷን ጠርሙስ አምጡ» ይላሉ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ አቀብላለሁ።

ያን ስንጥቅ አልነካሁትም። ስትመጪ አሸዋውን አንቺ መርጠሽ አብረን እንጠግነው። እጅሽ ይባረክ።

አባትሽ