መንጋጋዬና የእትዬ አስካለ ለቅሶ

መጋቢት 6፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ተነቃዩን ጥርስ አጥቤ ብርጭቆ ውስጥ ከተትኩት። ደብተሬ፣ ነገ ነው።

ሁለቱን የላይ የፊት ጥርሶቼን ሚኒባስ ተጋጭቶ ካወለቀብኝ አሥራ ሁለት ዓመት። አምና መ/ቤት፣ መስኮቱ ጋ የባለጉዳይ ስም ስጠራ ተነቃዩ ከአፌ ወጥቶ ፋይሉ ላይ አረፈ። ሰውየው አንስቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ያን ቀን ቆረጥኩ፤ የማይነቀል አስተክላለሁ።

የጥርስ ሐኪሟ ዶ/ር ግን ራጁን አይታ አጥንቱ ሳስቷል አለችኝ፣ ጥርሱን የሚሸከም የለም። መጀመሪያ አጥንት ይሞላል። ስድስት ወር ይጠበቃል። ከዚያ ጥርስ። የሚሞላው ዱቄት ደግሞ ከላም አጥንት የተሠራ። ታላቅ እህቴ አልማዝ ይህን ስትሰማ በሁዳዴ ጾም ብላ አማተበች። እኔም ፈራሁ፤ የንስሐ አባቴን ጠየቅኩ። ልትበዪው ነው እንዴ ብለው ሳቁብኝ። በቃ፣ ተፈቀደ፤ ነገ አጥንቱ ይሞላል።

መጋቢት 7፣ ረቡዕ፣ 10 ሰዓት

ተሠራ። ካሳንቺስ ክሊኒኩ ደርሼ እስክመለስ አራት ሰዓት ፈጀ። ድዴን ከፍታ ዱቄቱን ጠቀጠቀች፣ ሽፋን አለበሰችው፣ ሰፋችው። ፊቴ ድፎ ሆኗል።

ትእዛዙ ብዙ። መትፋት የለም። በስትሮ መጠጣት የለም። አፍ በሰፊው መክፈት፣ ጮክ ብሎ ማውራት የለም። ሁለት ሳምንት፣ ክሩ እስኪወጣ። ስፌቱ ከተከፈተ የተሞላው ሁሉ ይበላሻል። እኔን ዝም በይ ማለት! አልማዝ በሳቅ ሞተች። የምፈልገውን እየጻፍኩ አሳያታለሁ።

መጋቢት 11፣ እሑድ

አጥሚት። ሾርባ። ደግሞ አጥሚት። እብጠቱ ጎደለ።

እትዬ አስካለ፣ የግድግዳ ጎረቤቴ፣ ቀጠን ያለ ሽሮ ይዘውልኝ መጡ። ባሌ ሲሞት ድምፃቸው እስኪዘጋ ያለቀሱልኝ፣ አርባ ቀን ከቤቴ ያልጠፉ እሳቸው ናቸው። ዛሬ ለሁለታችንም አወሩ። ደረታቸውን ያዝ ያደርጋቸዋል። ሐኪም ዘንድ ይሂዱ ብዬ ጻፍኩላቸው። መነጽር የለኝም ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ።

መጋቢት 15፣ ሐሙስ

እትዬ አስካለ አረፉ። ጠዋት፣ ከቤ/ክ ሲመለሱ፣ በር ላይ።

ድንኳን ተተከለ። ክሊኒክ ደወልኩ። ዶ/ር አዘነችልኝ፤ ያልቅሱ፣ ግን አፍዎን አይክፈቱ አለችኝ። ልጅ ናት፣ ለቅሶ የት ታውቃለች። ነጠላዬን አፌ ላይ ጠምጥሜ ገባሁ። ጥግ ያዝኩ። ሴቶቹ ደረት ይመታሉ፣ እኔ እንባዬን ብቻ አወርዳለሁ። አንዷ ከጎኗ ላለችው፣ ጥርሷን እያስታመመች ነው አለች። ሰማኋት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ቻልኩት ግን። እስከ ማታ ቻልኩት።

መጋቢት 16፣ ዓርብ፣ ከቀብር መልስ

አልቻልኩም።

ልጃቸው ሰናይት ከሐዋሳ ደረሰች። የተቀመጠውን ሰው ሁሉ አልፋ እኔ አንገት ላይ ወደቀች። "እናታችን የት ሄደች?" አለችኝ።

እናታችን ነው ያለችኝ! ደብተሬ፣ ምን ልሁን? ነጠላውን ገፍቼ እሪ አልኩ። ስፌቱ ሲተረተር ይሰማኛል። ደም ቀመስኩ። አላቆምኩም። እሳቸው ለእኔ እንዳለቀሱት አለቀስኩላቸው።

መጋቢት 19፣ ሰኞ

ክሊኒክ። ዶ/ር መብራቱን አስጠግታ ብዙ አየች። ዱቄቱ ወጥቷል፣ የቀረውም መግል ይዟል። ጠርጋ አወጣችው። እንዴት ሆነ ብላ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ቁጣ ስጠብቅ ጓንቷን አውልቃ ነፍስ ይማር አለች።

ከሦስት ወር በኋላ ይሞከራል። ያኔ ግን በላሙ ዱቄት ፈንታ ከራሴ መንጋጋ፣ ከኋላ በኩል፣ አጥንት ቆርጣ ፊት ላይ ማድረግ ትፈልጋለች። ሁለት ቁስል ማለት ነው። ሕመሙ ይከብዳል ብላ አልደበቀችኝም።

አልማዝ ምልክት ነው ትላለች። ተዪው፣ በዚህ ዕድሜሽ ለማን ልትታዪ ነው ትላለች። እስክትጨርስ ጠበቅኳት። ለራሴ፣ አልኳት።

በማልቀሴ አልጸጸትም። ጥርሱንም አልተውም። ሐምሌ 4፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት፤ ተመዝግቤ መጣሁ። ከዚያ ክሩ እስኪወጣ ባለው ሁለት ሳምንት ውስጥ ሰው ከሞተብኝ፣ አልቅሼ ለሦስተኛ ጊዜ አሠራዋለሁ።