በመስኮት ሦስት የተያዘው የኦቦ ጀቤሳ ሐሳብ

ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዘሜታውያን የተሰሙ ሐሳቦች ምዝገባና ጥበቃ ጽሕፈት ቤት
አምቦ

ጉዳዩ፦ የባለቤቴ የመጨረሻ ሐሳብ እንዲነገረኝ ስለመጠየቅ (ለአሥራ አንደኛ ጊዜ)

ክቡራን ዘሜታውያን ሆይ፣

በ2013 ዓ.ም. ከሩቅ ሰማይ መጥታችሁ ደንዲ ሐይቅ ዳር ካረፋችሁ ወዲህ ጤናችሁ እንደምን ከርሟል? አየሩ ተስማማችሁ? የክረምቱ ጭቃስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደህና አለመሆኔን ደግሞ ሳልነግራችሁ ስለሰማችሁት በዚህ ላይ ቃል አላባክንም። አፍ ሳይኖራችሁ የሰው ልብ የምትሰሙ ሕዝብ በመሆናችሁ ከእናንተ ጋር ነገር ማሳጠር ይቻላል ብዬ አምን ነበር። ባለፈው ሐሙስ በመስኮት ሦስት ፊት ቆሜ ስለ መሥሪያ ቤታችሁ የማስበውን አንድም ሳላስቀር አሰብኩ። ባለሙያችሁ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ካደመጡ በኋላ «ቅሬታዎን በጽሑፍ ያቅርቡ» የሚል መልስ በጭንቅላቴ ውስጥ ስላስቀመጡልኝ ይኸው በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። ከእናንተ የሚደበቅ ነገር ከሌለ ጎረቤቶቼም አይቅርባቸው ብዬ አንዱን ቅጂ በከተማው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ሰሌዳውን ለሚያነቡ ሰዎች ነገሩን ላስረዳ። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ኦቦ ጀቤሳ በደንዲ ወረዳ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበሩ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ጓሮ ውስጥ ወድቀው ግማሽ አካላቸው አልንቀሳቀስ አለ፤ አንደበታቸውም ተዘጋ። ሆስፒታል በተኙባቸው ስድስት ቀናት ዐይናቸውን ከእኔ ላይ ሳይነቅሉ አንድ ነገር ሊነግሩኝ ሲታገሉ አየሁ። በስድስተኛው ቀን ከእናንተ ባለሙያዎች አንዱ በየአልጋው እየዞሩ ሲመዘግቡ ወደ እኛ መጡ፣ ከራስጌያቸው ቆመው አደመጡ። ባለቤቴም ሸክሙን እንዳወረደ ሰው በረጅሙ ተነፈሱ፤ እኩለ ቀን ላይም ዐረፉ። ምን እንዳሉ ባለሙያውን ብጠይቃቸው «ተመዝግቧል» ብለውኝ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፉ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ወር ሆነ። ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ። መመሪያችሁ «የተሰማ ሐሳብ የሚሰጠው ለአሳቢው፣ ወይም አሳቢው በአካል ቀርቦ ለወከለው ሰው ብቻ ነው» ይላል። ደንብ አከብራለሁ። ስለዚህም ባለቤቴ መሞታቸውን የሚገልጽ ማስረጃ አቀረብኩ፤ ማስረጃው ተቀባይነት አግኝቶ ከፋይላቸው ጋር ተያያዘ፤ በማግስቱም ባለጉዳዩ እስካሁን ለምን እንዳልቀረቡ ተጠየቅሁ። በወንጌላውያን መካነ መቃብር፣ ከበሩ በስተግራ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ እንደሚገኙና ከዚያም ወጥተው እንደማያውቁ አስረዳሁ። ባለሙያችሁ ይህን ካደመጡ በኋላ ለቀጠሮ የሚመቻቸውን ቀን ባለቤቴን ጠይቄ እንድመለስ አሳሰቡኝ። ለዚህ ምስጋናዬ የላቀ ነው። በእኔ ዘመን ሙታንን በእኩልነት የሚያስተናግድ መሥሪያ ቤት አልነበረንም፤ እኛ የምናመላልሰው ሕያዋኑን ብቻ ነበር።

ሁለተኛ። ሚስታቸው መሆኔን እንዳረጋግጥ በታዘዝኩት መሠረት በ1977 ዓ.ም. የተሰጠንን የጋብቻ ወረቀት አመጣሁ። ወረቀቱ ሀገረ ሕይወት ከተማ ተሰጠ ይላል። አምቦ ያኔ በመንግሥት ወረቀት ላይ በዚህ ስም ትጠራ እንደነበር በከተማው ውስጥ ዕድሜው የገፋ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ያ ሁሉ ሰው ደግሞ ይህንኑ በልቡ ይዞ በየቀኑ በመስኮታችሁ ፊት ያልፋል። እናንተ ግን ሁለቱ ከተሞች አንድ ስለመሆናቸው ማስረጃ በሦስት ኮፒ ጠየቃችሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ጎረቤቴ ሰዲቅ ወረቀቱን ተቀብሎኝ «አዴ ወርቅቱ፣ እነዚህ ሰዎች ገና ኮፒውን ሳላነሳው ሰምተውት የለ እንዴ? ሦስቱ ኮፒ ለማን ነው?» አለኝ። አንዱ ለፋይል፣ አንዱ ለክትትል፣ አንዱ እንዲጠፋ ነው ብዬ አስረዳሁት። ሙያዬ ነውና አልተቸገርኩም።

ሦስተኛ። አምና በግንቦት ወር ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ሳለ በአፌ ምንም አላልኩም፤ ፊቴንም በነጠላዬ ሸፍኜ ነበር። ባለሙያችሁ ግን በውስጤ የማለቅሰው ልቅሶ ሌሎች ባለጉዳዮችን እንደሚረብሽ ገልጸው ድምፄን ዝቅ እንዳደርግ በትሕትና ጠየቁኝ። በሰዓቱ ወረፋ ላይ የነበርነው እኔና አንድ እንቅልፍ የወሰዳቸው ሽማግሌ ነበርን። ቢሆንም ዝቅ አደረግሁ። ከዚያ ወዲህ ዝቅ እንዳለ ነው።

አራተኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። እናንተ መቼም ሰምታችሁታል፤ ሰሌዳውን የሚያነቡት ደግሞ ከእኔው ይስሙት። ብዙ ዓመት ይሆነዋል፤ ኦቦ ኦልጅራ የሚባሉ ገበሬ ከደንዲ እየመጡ የይዞታ ፋይላቸውን ይጠይቁኝ ነበር። ፋይሉ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሰላም ሳይሉኝ ስለገቡ ብቻ «አልተገኘም፣ ሳምንት ይምጡ» እያልኩ አምስት ሳምንት አመላለስኳቸው። ስለዚህ የእናንተን ሥራ ከውስጡ አውቀዋለሁ። ይዞ መከልከል ይጣፍጣል።

ያንኑ ሙያዬን አንድ ቀን ቤት ይዤው ገባሁ። ከዚህ በኋላ አንቱታውን እተወዋለሁ፤ እኔና ጀቤሳ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ትዳር ውስጥ አንቱ ተባብለን አናውቅም። በወደቀበት ዕለት ጊንጪ የእኅቱ ልጅ ሰርግ ነበረብን። ላማችን መጋሌ የምትወልድበት ቀን ደርሶ ስለነበር እሱ አልሄድም አለ። እኔ ለብሼ ጨርሻለሁ። «መጋሌን ብታገባ ይሻልህ ነበር» ብዬው አኮረፍኩ። ትንሽ ቆይቶ አንገቱን በበሩ አስግጎ «ወርቅቱ፣ ገመዱ የት ነው?» አለኝ። ላሚቱን ሊያስርበት ነው። የት እንዳለ አውቅ ነበር፤ ዝም አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ፤ ዝም አልኩት። ባዶ እጁን ወደ ጓሮ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ በእግሩ ወደ ቤት አልተመለሰም።

ሐኪሙ የደም ግፊት ነው ብሎኛል፤ እኔም ገመዱ ገደለው አላልኩም። የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። ስድስት ቀን ሙሉ ዐይን ዐይኔን ሲያየኝ ምን ሊለኝ ነበር? ተቀይሞኝ ከሆነ ተቀይሞሻል በሉኝ፤ ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ እችለዋለሁ። ይቅር ብሎኝ ከሆነ ያንን ፋይል ውስጥ ማስቀመጥ ለእናንተ ምን ይጠቅማችኋል? ያሰበው ስለ ላሚቱ ብቻ ከሆነም ንገሩኝ፤ የጀቤሳን ጠባይ ስለማውቀው አይገርመኝም። ያቃተኝ አለማወቁ ነው። ባሌ የነገራችሁ ለእኔ እንድታደርሱት እንጂ እንድታስቀምጡት አልነበረም።

በተረፈ የሰውን ልብ ለመስማት ይህን ያህል መንገድ ተጉዛችሁ መጥታችሁ፣ የመዝገብ ቤትን ሥራ ማንም ሳያሠለጥናችሁ እንዲህ ጠንቅቃችሁ በማወቃችሁ እንደ አንድ ጡረተኛ ባልደረባችሁ ኮርቻለሁ። ማኅተማችሁ አይድረቅ፤ መደርደሪያችሁ አይጉደል፤ ወረፋችሁም አይጠር።

በመስኮት ሦስት ፊት በማርጀት ላይ የምገኝ፣ የዘወትር አክባሪያችሁና ትሑት ባለጉዳያችሁ፣

ወርቅቱ ጉደታ
(ፊርማ አለው)

ግልባጭ፦
ለማንኛችሁም አላስፈለገም፤ ስጽፈው ሁላችሁም ሰምታችሁታል።

ከፊርማው በኋላ የታሰበ፦ መጋሌ እሱ በወደቀ ማግስት በሰላም ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት። ገመዱ ከበሩ ጀርባ ምስማሩ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ አሁንም እዚያው ነው። ይህ ኦቦ ጀቤሳ ለጠየቁት ጥያቄ የተሰጠ መልስ ስለሆነ ከፋይላቸው ጋር ይያያዝልኝ። ባለጉዳዩ በአካል ሳይቀርብ፣ ቅጽ ሳይሞላ፣ ሦስት ኮፒም ሳያመጣ መልስ እንዴት እንደሚሰጥ ከዚህ እንደምትማሩ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም የተማርኩት ዘግይቼ ነው።